የአባቴ የዋንዛ ጀልባ፦ ፋይበር ላልብሳት ወይስ በሳንቃዋ ልሽጣት?

የአጥማጁ ልጅ፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በ1979 ዓ.ም. ያሠራት ስድስት ሜትር የሆነች የዋንዛ ጀልባ አለችን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሮሶና አምባዛ አውጥቶባት እኛን አምስት ልጆቹን አሳድጎባታል። እርሱ ካረፈ በኋላ አሞራ ገደል አቅራቢያ ባለ የአጎቴ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደፍታ ከረመች።

ባለፈው ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ገልብጠን አየናት። ሰማያዊ ቀለሟ ተቀርፏል፤ በሳንቃዎቹ መካከል ሳንቲም የሚያሾልክ ክፍተት አለ። የጨነቀኝ ግን የኋለኛው ጥግ ነው፤ አባቴ እርጥብ መረቡን የሚከምርበት ቦታ። ወስፌ ይዤ ስወጋው ያለ ምንም ጉልበት እስከ እጀታው ገባ፤ ስመዘውም ቡናማ ዱቄት ይዞ ወጣ። ከዚያ አንድ ክንድ ራቅ ብዬ ስወጋ ወስፌው አልገባ አለኝ፤ እንጨቱ እንደ ድንጋይ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ መዝናኛ እንግዳ ማንሸራሸሪያ ሊገዛት ይፈልጋል። የነርሱ ሰው «ከውጭ ፋይበር ግላስ አልብሳት፣ አዲስ ትሆናለች» አለኝ። ገንዘቡ ያስፈልገናል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ሕፃን ይዘው የሚሳፈሩባት ጀልባ ናት፤ የበሰበሰውን ሸፍኜ መሸጥ ኅሊናዬ አልቀበል አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ መሮው

ልጄ፣ ወስፌውን አንድ ክንድ ራቅ ብለህ መውጋትህ ደስ አሰኝቶኛል። ሕመሙ የት እንደሚያበቃ ማወቅ የሥራው እኩሌታ ነው።

ፋይበሩን እርሳው። ሳንቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ፋይበር ግን አብሮት አይሄድም። በአንድ የምስማር ቀዳዳ የገባ ውሃ መውጫ ያጣና እንጨቱን ከሥር ይበላዋል፤ አንተም ከላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም እያየህ አታውቅም። ብስባሽ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የሰጠመው የሆድ ሳንቃ ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ የሚገኘው፣ እርጥብ መረብ የሚተኛበት ጥግ ደግሞ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ክፍተቱ አያስፈራህ፤ ድርቀት ነው። በጠንካራ ስቱኮ እንዳትደፍነው! ሳንቃው ሲያብጥ ስቱኮው አላስጠጋ ይለውና ወይ ይሰነጠቃል ወይ ምስማሩን ይነቅላል። መጀመሪያ ውስጧን እርጥብ ጆንያ አልብሰህ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እያርከፈከፍክ አንድ ሳምንት አቆያት። ያልተዘጋው ብቻ ሲቀር ጥጥ እንደ ጧፍ ክር ገምደህ፣ በደነዘ መሮ ቀስ እያልክ እየመታህ አስገባ። የመዶሻው ድምፅ ሲለወጥ ይበቃዋል።

የበሰበሰውን ደኅናው እንጨት እስኪገኝ ቆርጠህ ጣል፤ ከዚያም አንድ ስንዝር ጨምር። አዲሱን ቁራጭ ከአሮጌው ጋር አፍ ለአፍ አትግጠመው። ሁለቱንም ሰያፍ ላጋቸው፤ የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ ስምንት እጥፍ ይሁን። ሁለት ሴንቲ ተኩል ለሆነ ሳንቃ ሃያ ሴንቲ ማለት ነው። ዋንዛ ዛሬ እንደ ልብ አይቆረጥም፤ ቢገኝም እርጥቡ ይከዳሃል። የሚፈርስ ቤት ፈልግና አሮጌ በር ግዛ። ሠላሳ ዓመት የደረቀ ዋንዛ ከዚያ ውጭ የት ታገኛለህ?

ኮምፔንሳቶ

ጋሼ፣ በአክብሮት ልለይ። የእኔ ጀልባ ፋይበር ከለበሰች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጠብታ አታስገባም። እርግጥ የተሠራችው ከኮምፔንሳቶ ነው።

ባለ መሮው

መልሱን ራስህ ሰጠኸው፣ ወንድሜ። ኮምፔንሳቶ ንጣፉ እየተጠላለፈ የተጣበቀ ስለሆነ እንደ ሳንቃ አይንቀሳቀስም። ለእርሱ ፋይበሩ ይስማማዋል።

ታቦር ሥር

እኔ ስለ ሽያጩ ልናገር፤ ሐይቁ ላይ ጀልባ ስገዛም ስሸጥም ኖሬያለሁ። የእኔ ወንድም፣ ከነገ ጀምረህ በየቀኑ ፎቶ አንሣ፦ የበሰበሰውን፣ የቆረጥከውን፣ የገጠምከውን። በኢጣልያ ኢዜኦ ሐይቅ ዳር ከ1962 እስከ 1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራች ሪቫ አኳራማ የምትባል የማሆጋኒ ጀልባ አለች፤ እርሷን የሚፈልግ ገዥ እንኳ ከማማሯ እኩል የሚጠይቀው ማን እንደጠገናትና ምን እንደተቀየረባት ነው። የአባትህም ታሪክ አላት፤ በጽሑፍ አድርገህ ስጣቸው።

ደግሞ በደረቅ መሬት ላይ አትሽጣት። ውሃ ላይ ሦስት ሌሊት ትደር፤ ጠዋት ጠዋት ገዥው ባለበት የገባውን ውሃ በጆግ እየቆጠርክ ቅዳ። ሙከራውንም ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲነሣ አድርጉት። በማለዳማ ሐይቁ መስታወት ነው፤ ማንኛዋም ጀልባ ትንሳፈፋለች።

የአጥማጁ ልጅ፣ ሐዋሳ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። በሩን ከሚፈርስ ቤት አገኘሁት፤ ሰያፉን ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ገጠመልኝ። በመጀመሪያው ሌሊት ሠላሳ አንድ ጆግ ቀዳን፣ በሁለተኛው አሥራ ሁለት፣ በሦስተኛው አራት። የመዝናኛው ኃላፊ ሦስቱንም ጠዋት መጥተው አጠገቤ ቆመው ቆጠሩ። ፎቶዎቹን ሲያዩ መጀመሪያ ከሰጡኝ ዋጋ ትንሽ ቀነሱ፤ እኔም አልተከራከርኩም፤ ቁራጩ እውነት ነው።

ጋሼ ባለ መሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የገጠምኩትን ሳንቃ ከውስጥ በኩል ቀለም ሳልቀባ በተልባ ዘይት ብቻ ብተወው ይጎዳዋል? ገዥዎቹ እንደታየ እንዲቀር ፈልገዋል። ከውጭ ግን ሰማያዊ ትሆናለች፤ እናቴ ሌላ ቀለም አልሰማም ብላለች።