በዝናብ የተበላ የመቃብር ድንጋይ እንዴት ይነበባል?

መንገደኛ፦
ወደ እንግሊዝ ለጉብኝት ልሄድ ነው። አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የ1700ዎቹ የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ ጽሑፋቸው ግን ተበልቷል። ጠመኔ ቢቀቡት ይነበባል የሚሉ አሉ። ይሆናል?

ወቃሪ፦
ጠመኔው ይቅርብዎ። ሲፈገፈግ የላላውን የድንጋይ ገጽ ይዞ ይረግፋል። የጢም መላጫ አረፋ ደግሞ የባሰ ነው፤ አሲድ አለው፣ ቢታጠብም ከድንጋዩ ቀዳዳ አይወጣም። የሽቦ ብሩሽና በረኪናማ ጭራሽ አይነሳ። የድንጋይ ሽበቱንም አይፋቁት፣ ገጹን ይዞ ነው የሚነሳው።

የሚሠራው ብርሃን ነው። ፊት ለፊት የሚመታ ፀሐይ ፊደሉን ያጠፋዋል፤ ከጎን ገጹን ታክኮ ሲያልፍ ግን ጭረቱ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የዞረ ድንጋይ የሚነበበው በማለዳ ሳይሆን ቀትር ሲቃረብ ነው። ወደ ሰሜን ለዞረው መስታወት ይያዙ፤ ከድንጋዩ ጎን ፈንጠር ብለው ፀሐዩን በአግድም ይልቀቁበት። አንዱ መስታወት ሲይዝ ሌላው ፎቶ ቢያነሳ ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከጎን የመጣ ብርሃን ቁም ጭረትን እንጂ አግድሙን አያሳይም። የ7 አናት ይጠፋና 1 መስሎ ይነበባል፤ 1771 የነበረው 1711 ሆኖ አረፈው። ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ እያበሩ ቢያንስ ሦስት ፎቶ ያንሱ።

መንገደኛ፦
ደመና ቢሆንስ? የስልክ መብራት ይበቃል?

ወቃሪ፦
እንዲሁ በቀን አይታይም። በጃንጥላ ወይም በጃኬት ከልለው ያጨልሙለት፣ ከዚያ ስልኩን ወደ ድንጋዩ ጠርዝ አስጠግተው ያብሩ።

መዝገብ አገላባጭ፦
ቁጥሩ ከተነበበ በኋላም አይቸኩሉ። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። «ፌብሩዋሪ 1740» የሚል ድንጋይ በዛሬው አቆጣጠር 1741 ነው። 1740/1 ተብሎ የተቀረጸም ያጋጥማል፤ የጠራቢው ስሕተት አይደለም። ስኮትላንድ ከተሻገሩ ግን ይህን ይርሱት፤ እዚያ ከ1600 ጀምሮ ጃንዋሪ 1 ነው።

ድንጋዩ እምቢ ካለ የቀብር መዝገቡን ይፈልጉ። የቆዩት ብዙውን ጊዜ ያሉት በቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን በአውራጃው ቤተ መዛግብት ነው። ከ1813 ወዲህ በታተመ ቅጽ ስለተሞላ ዕድሜና መኖሪያ ይገኝበታል፤ የቀደመው ስምና ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀስ በል፦
የዘመመ ድንጋይ ለፎቶ ብለው እንዳይደገፉ፤ ሥሩ የላላ ከሆነ በትንሽ ግፊት ይወድቃል። ቀብር ወይም ጸሎት ላይ ከደረሱም ካሜራውን ከተው ይጠብቁ።