«ኩላሊቴ ነው» የሚሉትን የወገብ ሕመም በምን እንለይ? (ባሶና ወራና)

ቀይት፦
አጨዳ ሲደርስ ወገቡን የያዘው ሁሉ «ኩላሊቴ ነው» ወይም «ብርድ ገብቶኝ ነው» ይላል። ለእኛ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ቤት ለቤት ስንዞር ላብራቶሪ የለንም። የትኛውን ወደ ጤና ጣቢያ እንላክ? «ሳምንት ይተኛ» የሚባለውስ ልክ ነው? ወጌሻ ያሰረው እጅ ወይም እግር ስናይስ ምን እንፈትሽ?

ፊዚዮቴራፒስት ከደብረ ብርሃን፦
በስሙ አትከራከሩ፤ ቦታውን በጣቱ ያሳያችሁ። የኩላሊት ሕመም ከመጨረሻው ጎድን ሥር ወደ ጎን ነው፤ ቢጎነበስም ቢቃናም ያው ነው። ጠጠር ከሆነ እየመጣ እየሄደ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ሰውየው መተኛም መቀመጫም ያጣል። ኢንፌክሽን ከሆነ ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥና ሽንት ማቃጠል ይኖራል። የጡንቻውና የመገጣጠሚያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀበቶ በሚታሰርበት አካባቢ ነው፤ ከመደብ ሲነሣና ሲጎነበስ ይብሳል፣ አቀማመጥ ሲለውጥ ይቀለዋል። ከጉልበት አልፎ እስከ እግር ጣት የሚነዝር ከሆነ «ነርቭ ነው» ያለው ሰው ልክ ነው።

«ብርድ» የሚለውን አልንቅም። የኅዳር ውርጭ ጡንቻ ያኮማትራል፣ ሕመሙንም ያጎላል። አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ብርድ ግን የለም። ደግነቱ እምነቱ ወደ ሙቀት ይመራቸዋል፤ ሙቅ እንጂ ያልፈላ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በነጠላ ጠቅልሎ 15 እስከ 20 ደቂቃ ማስደገፍ ይበቃል።

ሳምንት መተኛት ጉዳት ነው። ከ1 ወይም 2 ቀን ካለፈ ጡንቻው ይሰንፋል፣ ማገገሙም ይዘገያል። ሲያማቸውም ቢሆን በቤት ዙሪያ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ። አብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል።

ጀሪካኑን ደግሞ እዩት። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ሴቶቹ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው ገመዱን ደረታቸው ላይ ካጠለቁ በኋላ ወደ ጎን ተጣመው ነው የሚነሡት፤ ወገብ የሚቀጨው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ምንጩ ዳር ወገብ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ካብ አሠሩ፤ ጀሪካኑን እዚያ ላይ አስቀምጠው ቆመው ያዝሉታል።

ጤና መኮንን፦
ላብራቶሪ ሳያስፈልግ ዛሬውኑ የሚላኩ አሉ፦ ኮርቻ የሚነካው ቦታ የደነዘዘበት፣ ሽንት የከለከለው ወይም ያመለጠው፣ እግሩ የሰነፈ። ቀስ ብሎ የጀመረ፣ ሌሊት የሚያስነሣ፣ ከክብደት መቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር የመጣ የጀርባ ሕመም ሲሆን የአከርካሪ ቲቢን አስቡ፤ ሳል ላይኖረው ይችላል። ጀርባውን ገልጣችሁ በመዳፍ ዳስሱ፣ ትንሽ ጉብታ ካለች አትጠብቁ። ሕክምናው በነፃ ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያዋልድ ሰው ወጣ ገባ ከሚል ትኩሳት ጋር ወገቡን ካመመው ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታም አለ።

ፋርማሲ፦
«መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» ለሚሉት፦ የዲክሎፌናክ መርፌና ኪኒን ያው መድኃኒት ነው። በመርፌ ቢሰጥም ጨጓራን አይምርም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥ። ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ጋር አደባልቆ መዋጥ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። ለጤነኛ አዋቂ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ፤ ጉበት ያመመው ወይም ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቅ። ዋግምት የሚሄዱትን ደግሞ ምላጩ አዲስ መሆኑን ጠይቋቸው።

የአጥንት ክፍል ነርስ፦
ወጌሻ ሁሉ አጥፊ አይደለም። ጥፋቱ እብጠቱ ሳይወጣ ቀርከሃውን ማጥበቁ ላይ ነው፤ ሥጋው ሲያብጥ እስሩ አይሰፋም፣ ደም መግቢያ ያጣል። ቤተሰብ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ብሎ የሚታገሠው ሕመም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ከእስሩ የወጡትን ጣቶች ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ ካስጮኸው የመጀመሪያው ምልክት ነው። ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ፣ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ችግር አለ። በብርድ ግን ጤነኛ ጥፍርም ይዘገያል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በእጃችሁ አሙቁት። «የደም ሥሩ ይመታል» ተብሎ አይታለፍ፤ እሱ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ቀይት፦
ፈትተን ስንልከው አጥንቱ አይናጋም?

የአጥንት ክፍል ነርስ፦
ማሰሪያውን እስከ ውስጠኛው ጨርቅ ድረስ ፍቱት፣ ቀርከሃውን ግን ከሥሩ እንደ ድጋፍ ተዉትና በነጠላ ላላ አድርጋችሁ ያዙት። በልብ ትክክል ይሁን፤ አይሰቀል፣ በቅቤም አይታሽ። 6 ሰዓት ገደማ ካለፈው ሥጋው መሞት ይጀምራል፣ የተናጋ አጥንት ግን ሐኪም ቤት ይስተካከላል። ወጌሻውንም ጠርታችሁ የጥፍሯን ነገር አሳዩት።