ዛይሞላዬዝ የሚባለው ኢንዛይም የይስትን (የእርሾን) የሴል ግድግዳ እንዴት ነው የሚያፈርሰው? ላይሶዛይምስ አይሆንም?

ሰብለ_ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ለማስተርሴ ከጠጅ የለየኋቸው ይስቶች አሉኝ ዲኤንኤ ላወጣላቸው ነው። ለባክቴሪያ ግድግዳውን የሚያፈርሰውን ላይሶዛይም የሚባል ኢንዛይም ነበር የምንጠቀመው፣ የይስቱ ፕሮቶኮል ግን ዛይሞላዬዝ ይላል፣ እሱ ደሞ ውድ ነው ከውጪ እስኪመጣም ጊዜ ይፈጃል። ላይሶዛይሙ አይሰራም እንዴ? ዲቲቲ የሚባለው ኬሚካልና ሶርቢቶል (የስኳር አልኮል) ለምን እንደሚጨመሩም በናታችሁ አስረዱኝ።

ማይክሮ_ወዳጅ፦
እህቴ ላይሶዛይም አይሆንሽም። እሱ የሚቆርጠው ፔፕቲዶግላይካንን (የባክቴሪያ ግድግዳ የተሰራበትን ነገር) ነው፣ ይስት ደሞ ጭራሽ የለውም። የይስትን ግድግዳ እንደ ጭቃ ቤት አስቢው፣ ማገሩ ቤታ 1፣3 ግሉካን (የግሉኮስ ሰንሰለት) ነው፣ ከውጪ የተመረገው ደሞ ማኖፕሮቲን (ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን)። ካይቲን የሚባል ሌላ ጠንካራ የስኳር ሰንሰለትም አለ ግን ትንሽ ነው፣ ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ቢሆን ነው፣ እሱም በብዛት ያለው ልጁ ሴል ተገንጥሎ የሄደበት ጠባሳ ላይ ነው። ዛይሞላዬዝ (አርትሮባክተር ሉቴየስ ከምትባል ባክቴሪያ የሚወጣው) ማገሩን ነው የሚይዘው፣ ግሉካኑን አምስት አምስት ግሉኮስ እያደረገ ይቆርጠዋል። ማገሩ ካለቀ ግድግዳው በምን ይቆማል?

ቢራ_ኬሚስት፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ እኔ ስለ ዲቲቲው ልጨምርበት። ማኖፕሮቲኖቹ እርስ በርስ በዳይሰልፋይድ ቦንድ (በሰልፈር ማያያዣ) ተያይዘዋል፣ ትልቅ ኢንዛይም እዛ መሀል አያልፍም፣ ዲቲቲ ቦንዱን ሲፈታው ነው ውስጥ ያለው ግሉካን ጋ የሚደርሰው። ብዙ ሰው ይሄን ደረጃ ዘሎ ኢንዛይሙ ተበላሽቷል ይላል፣ ያሳዝናል ምክንያቱም ያ ውድ ነገር በከንቱ ይደፋል። ያረጀ ካልቸርም አትጠቀሚ፣ እድገቱን ያቆመ ይስት ግድግዳው በጣም ይጠነክራል፣ ገና በፍጥነት እየተባዛ ያለውን ውሰጂ።

ሶርቢቶሉ ደሞ 1 ሞላር አካባቢ ነው፣ ግድግዳ የሌለው ሴል ውሃ እየሳበ ስለሚፈነዳ እሱን ለመከላከል ነው። ካልጨመርሽ ሴሉ ገና ሳትሰበስቢው ፈንድቶ ዲኤንኤው ከላይ ካለው ፈሳሽ ጋር ይደፋብሻል። መስራቱን ለማየት ጠብታ ወስደሽ ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ጠብ አድርጊበትና በማይክሮስኮፕ እይው፣ ግድግዳው ከሄደ ሴሎቹ ወዲያው ይጠፋሉ።

ሰብለ_ላብ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ! የምፈልገው ለአይቲኤስ ፒሲአር (ዝርያውን ለመለየት አንድ የዲኤንኤ ክፍል ለማባዛት) ብቻ ነው፣ ያለ ኢንዛይሙስ ይቻላል?

ቢራ_ኬሚስት፦
ለፒሲአር ብቻ ከሆነማ አትግዢው። 200 ሚሊሞላር ሊቲየም አሲቴት ከ1 ፐርሰንት ኤስዲኤስ ጋር አድርገሽ በ70 ዲግሪ 5 ደቂቃ አሙቂው፣ ከዛ በኢታኖል አዝቅጪና እጠቢ፣ ለፒሲአር ይበቃል። ዛይሞላዬዙ የሚያስፈልግሽ ያልተቆራረጠ ረጅም ዲኤንኤ ስትፈልጊ ነው።