አስቸኳይ፦ ልጄን ሽሮ አቃጠላት፤ ጤና ጣቢያ ወይስ ሆስፒታል?

እናት_ዘፈረንሳይ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የፈላ ሽሮ ደረቷና ክንዷ ላይ ተገለበጠባት። ለቅሶዋን ማቆም አልቻለችም። በዚህ ሰዓት ጤና ጣቢያ ይሠራል? ያለን የጤና መድህን ካርድ ነው፤ ሪፈር ሳላጽፍ ሆስፒታል ብሄድ ይመልሱኛል። የት ልውሰዳት?

ጨዋታ_አዋቂ፦ ፈረንሳይ ያልሽው ለጋሲዮኑን ነው ወይስ ማክሮን ያለበትን?

የሌሊት_ነርስ፦ ቀልዱ ይቆየን። እህቴ፣ ከመውጣትሽ በፊት ውሃ። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ልብሷን በመቀስ ቅደጂው፤ ቆዳዋ ላይ የተጣበቀ ካለ ግን አትጎትቺው። አምባር ወይ የአንገት ክር ካላት ሳታብጥ ይውጣ። በረዶ እንዳታደርጊበት። ዕድሜዋ ስንት ነው?

እማማ_ዓለም፦ ኧረ ልጄ፣ ውሃ እንዳታስነኪያት! ወዲያው ነው ውሃ የሚቋጥረው። ሊጥ አድርጊበት፤ እኛ ስንቱን ልጅ ያሳደግነው በዚያ ነው።

የሌሊት_ነርስ፦ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሚያስቋጥረው ውሃው አይደለም፤ ቆዳው ውስጥ የቀረው ሙቀት ነው። ሊጡንና ኮልጌቱን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን የምናጥበው እኛ ነን። ያን ጊዜ የልጁን ጩኸት ቢሰሙት ሊጥ አይሉም ነበር።

እናት_ዘፈረንሳይ፦ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ውሃ የለም እኮ፣ ተራችን ሐሙስ ነው! ኮልጌት ደግሞ አክስቷ ቀብታታለች።

ሻይ_በቅመም፦ ውሃ አድርጊበት ውሃ።

የሌሊት_ነርስ፦ ከበርሜሉ በጆግ እየቀዳሽ ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ኮልጌቱ አብሮ ይሂድ፣ አትፈትጊው። ያልተቃጠለውን ሰውነቷን በጋቢ ጠቅልይ፣ ብርድ እንዳይመታት። ስትጨርሺ ንጹህ የታጠበ ነጠላ ላላ አድርገሽ ሸፍኚበት። ውሃ የቋጠረ ካለ አታፍርጪው።

ሥርዓት_ይከበር፦ ሁሉም ሰው በቀጥታ ሆስፒታል እየሮጠ ነው ሆስፒታሉ የተጨናነቀው። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚኬድበት ደረጃ የተሠራው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ነው የታሰበው፤ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን። ትኩሳት፣ ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒት ሁሉ ጤና ጣቢያ ይጀመራል። ከአቅም በላይ ሲሆን እነሱ ሪፈር ይጽፋሉ። ባህላችን መለወጥ አለበት።

ሻይ_በቅመም፦ ወንድሜ፣ ልጅቷ እየነደደች አንተ ሕዝብ ትቆጥራለህ?

የሌሊት_ነርስ፦ ለሌላ ቀን እውነቱን ነው። ድንገተኛ ግን ሪፈር አይጠይቅም፣ ቅድሚያ ክፍያ ካላመጣሽም አይመልሱሽም። የመድህን ካርዱን ያዢ፣ «ድንገተኛ ነው» በይ። ቃጠሎው ከራሷ መዳፍ የማይበልጥ ቢሆን፣ ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይ ብልት ባይነካ፣ ጤና ጣቢያ ይበቃል እል ነበር። የአንድ ልጅ መዳፍ ከነጣቶቿ ከመላ አካሏ 1 በመቶ ገደማ ነው። ደረትና ክንድ ከዚያ ይበልጣል። ሆስፒታል።

አራት_ኪሎ_ልጅ፦ የትኛው ነው ታዲያ? የካቲት 12 ሆስፒታል በሏት። ከፈረንሳይ ወደ ስድስት ኪሎ መውረድ ነው፣ የሰማዕታት ሐውልት ጋ። ቃጠሎ ለዘመናት የሚታከመው እዚያ ነው።

ገብቶኛል፦ አቤት ሆስፒታል ይሻላል። የጳውሎስ ነው፣ ስሙ ራሱ ቃጠሎ፣ ድንገተኛና አደጋ ማለት ነው።

አራት_ኪሎ_ልጅ፦ ስሙ አያድንም፤ ቅርቡ ያድናል። እዚያ ከሞላ እነሱ ራሳቸው ይልካሉ።

ብር_የጨረሰ፦ እኔ ባለፈው ዓመት ልጄን ሻይ ሲያቃጥለው ሰፈር ያለ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ካርድ አወጣሁ፣ ቅባት ቀቡት፣ ጠቀለሉት፣ «አሁን ሆስፒታል ውሰደው» አሉኝ። ሆስፒታል ደግሞ ያንኑ ፈትተው አዩት። ሁለቴ አስለቀስኩት።

እናት_ዘፈረንሳይ፦ ውሃው አለቀ፣ ትንሽ ተረጋግታለች። 907 ልደውል ወይስ 939? ራይድም እየጠራሁ ነው።

የሌሊት_ነርስ፦ ጎሽ። መተንፈስ ካልከበዳትና ከነቃች የቀደመልሽን ያዢ፣ አምቡላንስ አትጠብቂ። 907 ቀይ መስቀል ነው፣ 939 የእሳትና አደጋ፤ ራሷን ከሳተች ወይ መኪና ካጣሽ ደውይ። የክትባት ካርዷን አትርሺ፤ ስለ ቴታነስ ይጠይቁሻል።

እናት_ዘፈረንሳይ፦ መኪና ውስጥ ነን።

ገብቶኛል፦ እኔ አሁንም አቤት ነው የምለው።

ግራ_የገባው፦ ካነሳችሁት አይቀር፣ አባቴ ዓይኑ ሞራ አለው ተባለ። የት ነው?

ሥርዓት_ይከበር፦ ሞራ ድንገተኛ አይደለም፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፍና ምኒልክ። ዓይን ምኒልክ፣ የአእምሮ ሕመም አማኑኤል፣ ቆዳ አለርት። በድንገት ማየት ካቆመ ግን ዛሬውኑ ሂድ።

ሻይ_በቅመም፦ አየህ፣ ሲጠየቅ ጥሩ ይመልሳል።

ጨዋታ_አዋቂ፦ ቀልዴ ጸጽቶኛል። ፈረንሳይ፣ ልጅቷ እንዴት ሆነች?

የሌሊት_ነርስ፦ ሦስተኛ ቀን ሆነ። ለቁስል ማጠቢያ የሚቀጠርልሽን ቀን እንዳታሳልፊ፤ ትኩሳት ካላት፣ ከሸተተ ወይ ዙሪያው ከቀላ ቀኑን ሳትጠብቂ ተመለሺ።

ግራ_የገባው፦ ምኒልክ ስንት ሰዓት ላይ ነው ወረፋ የሚያዘው?