ከአትላንታ ወደ ሞቢል ለመዛወር ስናስብ የትኛውን ወጪ ዘነጋን?

ጥያቄ፦ የክላርክስተኑ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እኔና ባለቤቴ በአትላንታ ዙሪያ ከክላርክስተን ሳንርቅ 11 ዓመት ኖረናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኪራይ ሳይጨምርብን ያለፈ ዓመት አላስታውስም፤ ቤት ለመግዛት ያጠራቀምነው ቅድሚያ ክፍያም ከዋጋው ኋላ እየሮጠ ሊደርስበት አልቻለም። እኔ የከባድ መኪና ሾፌር በመሆኔ ወደ ሞቢል ወደብ፣ አላባማ፣ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። እዚያ ለሽያጭ የቀረቡትን ቤቶች ስመለከት፣ እዚህ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ በምንገዛበት ገንዘብ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ከነግቢው እንደሚገኝ ተረዳሁ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ትልቋ ልጃችን 10ኛ ክፍል፣ ትንሹ 3ኛ ክፍል ነው፤ የ74 ዓመት እናቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። በጆርጂያ ባሕር ዳር ያለችውን ሳቫናንም አስበን ነበር፤ ነገር ግን የሀዩንዳይ ፋብሪካ በአቅራቢያው ከተተከለ ወዲህ የቤቱ ዋጋ ለእኛ የሚቀመስ አልሆነም። ባሕር ዳር ኖራችሁ የምታውቁ ወገኖች፣ በሂሳባችን ውስጥ ያላስገባነው ነገር ካለ ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ ከሞቢል ቤይ

ወንድሜ፣ እኛ በ2019 ከአትላንታ ወደዚህ መጥተናል፤ በመምጣታችንም አልተጸጸትንም። ይሁን እንጂ የቤቱን ዋጋ ብቻ አይተን ስለገዛን ብዙ ተቀጥተናል፤ እርስዎ እንዳይደገምብዎ በዝርዝር ልጻፍ።

ሀሪኬን ሳሊ የተባለው አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 16፣ 2020 በአላባማ ባሕር ዳር ባለችው ጋልፍ ሾርስ ላይ ወደ ምድር ሲገባ የቤታችንን ጣሪያ ከአንድ ወገን ገለጠው። የጥገናው ግምት 9,000 ዶላር ያህል ነበር። ኢንሹራንስ ስላለን ተረጋግተን ስንደውል፣ በውላችን ላይ ለአውሎ ነፋስ ጉዳት ከራሳችን ኪስ የምንሸፍነው መጠን እንደ ሌላው አደጋ 1,000 ወይም 2,000 ዶላር ሳይሆን ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባበት ዋጋ 5 በመቶ መሆኑን ሰማን። የእኛ ቤት በ240,000 ዶላር ስለተመዘገበ 12,000 ዶላር ድረስ ያለው ጉዳት የእኛ ሸክም ነበር፤ ስለዚህ አንድ ሳንቲም አላገኘንም። ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ እኛ ግን ስንፈርም ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ነበር ያየነው።

ጎርፍ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ሲሆን ለቤቱ እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ቤቱን በብድር ሲገዙ ከውሉ መፈራረሚያ ጋር አብሮ ካልተገዛ በስተቀር ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። አውሎ ነፋስ ተነሣ ሲባል የሚገዛ ነገር አይደለም ማለት ነው። ሞቢል በዓመት ወደ 65 ኢንች ዝናብ የምታገኝ ከተማ ስለሆነች፣ ሻጩ «እዚህ ሰፈር ውኃ ገብቶ አያውቅም» ቢልዎ እንኳ ጎረቤቶችን ይጠይቁ፤ ቢቻል በከባድ ዝናብ ቀን ሄደው መንገዱን ይዩት።

ቤት ሲመርጡ ከወጥ ቤቱ በፊት ጣሪያውን ይጠይቁ። «ፎርቲፋይድ» የሚባል ደረጃ አለ፤ የጣሪያው ሳንቃ መጋጠሚያዎች ውኃ እንዳያሳልፉ ይታሸጋሉ፣ ጠርዙ ይጠናከራል፣ ምስማሮቹም በነፋስ ተነቅለው እንዳይወጡ አካላቸው ቀለበት ቀለበት ያለው ነው። የአላባማ ሕግ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ለእንዲህ ዓይነት ቤት ቅናሽ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። የስቴቱ መንግሥትም «ስትሬንግተን አላባማ ሆምስ» በተባለው ፕሮግራም በቤታቸው ለሚኖሩ ባለቤቶች እስከ 10,000 ዶላር የጣሪያ ድጎማ ይሰጣል። እኛም ጣሪያችንን በኋላ ያሠራነው በዚህ ድጎማ ነው፤ ማመልከቻው ሲከፈት ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ቀኑን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ደስ የሚለው የንብረት ግብሩ ነው። የሚኖሩበት ቤት ከዋጋው 10 በመቶው ብቻ ለግብር ይቆጠራል፤ ካላስመዘገቡት ግን እንደ ኪራይ ቤት 20 በመቶ ይታሰብብዎታል። በራሱ የሚመጣ ስላልሆነ ቁልፉን በተረከቡ ሳምንት ወደ ካውንቲው ቢሮ ይሂዱ። ሌላው ትንሽ ልዩነት፣ ጆርጂያ በስቴት ደረጃ ከምግብ ሸቀጥ ላይ የሽያጭ ግብር አትወስድም፤ አላባማ ግን ከ4 በመቶ ወደ 2 ዝቅ ብታደርገውም አሁንም ትወስዳለች፤ የከተማውና የካውንቲውም ይጨመርበታል።

መልስ 2፦ እህተ ማርያም

የባለቤትዎ ነገር አያሳስብዎ። ሁለቱም ስቴቶች በነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ፣ ፈቃዷ የዚህ ስምምነት ከሆነ ሥራ መጀመር ትችላለች፤ ነገር ግን መኖሪያዋን በቀየረች በ60 ቀን ውስጥ ለአላባማ ፈቃድ ማመልከት አለባት። ልጆቹ የሕክምና ሽፋን የሚያገኙት በጆርጂያው ፒችኬር ከሆነ አብሯችሁ አይሻገርም፤ በአላባማ «ኦል ኪድስ» ለተባለው እንደ አዲስ ታመለክታላችሁ።

እኔን ያሳሰበኝ የትልቋ ልጅዎ ጉዳይ ነው። የኮሌጅ ክፍያን የሚደጉመው የጆርጂያ ሆፕ ስኮላርሺፕ ከ1993 ጀምሮ ከሎተሪ ገቢ የሚከፈል ሲሆን፣ 3.0 እና ከዚያ በላይ ውጤት ላላቸው የጆርጂያ ነዋሪዎች ነው፤ የልጅ ነዋሪነት ደግሞ በወላጅ ይቆጠራል። አላባማ የስቴት ሎተሪ እንኳ የላትም። ልጅቷ ጎበዝ ተማሪ ከሆነች በቤቱ ዋጋ ያተረፋችሁት በአራት ዓመት የኮሌጅ ክፍያ ሊወጣ ይችላል። በሌላ በኩል ሞቢል ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሳውዝ አላባማ ስላለ፣ የስቴቱ ነዋሪ ሆና ከቤቷ እየተመላለሰች መማር ትችል ይሆናል። ሁለቱን ሂሳብ ጎን ለጎን አስቀምጡና ልጅቷን ራሷን አስቀምጣችሁ አነጋግሯት።

መልስ 3፦ አባ መላ

ልጄ፣ እኔ የምናገረው ስለ እናትዎ ነው። የእኔም እናት ልጆቼን ተከትለው ሕዝባችን ወደማይገኝበት ከተማ ሄደው ነበር። ቤቱ ሰፊ፣ አየሩም መልካም ነበር። ሆኖም እሑድ የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን፣ በወር አንድ ቀን የሚጠጡት ማኅበር፣ «እንዴት አደሩ» የሚላቸው ጎረቤት አጡ፤ በራቸውን ከፍተው መንገዱን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ከአትላንታ ሞቢል በሞንትጎመሪ በኩል ወደ 330 ማይል፣ አምስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ጤፍ በየሁለት ወሩ ጭናችሁ ልትወስዱ ትችላላችሁ፤ ቅዳሴና የእድር ጓደኛ ግን አይጫኑም። እናትዎን ለጉብኝት ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ወስደው ያስቀምጧቸው፤ ከዚያ ምን እንደሚሉ ይስሟቸው።

ጠያቂው፦ የክላርክስተኑ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ መልሶቻችሁን ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው ወንድማችን እንደመከሩት ልንገዛው ላሰብነው ቤት የነፋስና የጎርፍ ኢንሹራንስ ዋጋ ከነመቶኛው በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። ልጄ ሆፕን እንደማትለቅ በግልጽ ነገረችኝ፤ ስለዚህ እሷ ኮሌጅ እስክትገባ ድረስ ግዢውን ለማዘግየት ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። እናቴ ደግሞ «ሦስት ሳምንቱን እሞክረዋለሁ፤ ከፍልሰታ በኋላ ይሁን» ብለዋል። በሴፕቴምበር ለኪራይ የሚሆን ቤት በዌስት ሞቢል የሚያውቅ ካለ በዚሁ ቢጽፍልኝ አመሰግናለሁ።