ኢማቲኒብ እና ሪፋምፒሲን አንድ ላይ፦ መጠኑን እንዴት እናስተካክል?

ከጅማ ነው። ለሥር ሰደድ ማይሎይድ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር ዓይነት) ኢማቲኒብ 400 ሚሊግራም በቀን አንዴ የሚወስዱ እናት የሳንባ ቲቢ ሕክምና ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ጭንቀቴ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ነው። ኢማቲኒብን የሚሰብረውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያነቃቃ፣ በደም ውስጥ የሚገኘውን መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ያወርደዋል። በኢማቲኒቡ የጎንዮሽ ጉዳት ጠዋት ጠዋት ያብጥ የነበረው የዓይናቸው ቆብ ሰሞኑን ጎድሏል። እሳቸው ተሻለኝ ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ እኔ ግን መድኃኒቱ አንሷቸው እንዳይሆን ሰግቻለሁ።

የአምራቹ መመሪያ ሪፋምፒሲን ግድ ከሆነ የኢማቲኒብን መጠን ቢያንስ በግማሽ ጨምሩ ይላል። ያ 600 ነው፤ አንድ ባለ 400፣ ሁለት ባለ 100፣ ከምግብ ጋር በትልቅ ብርጭቆ ውኃ። የቲቢው ኪኒን አራቱ መድኃኒቶች አብረው የተቀመሙበት ስለሆነ ሪፋምፒሲኑን ነጥሎ ማስቀረት አይቻልም።

በ600 ሚሊግራም መጠን ታካሚ የተከታተላችሁ ወይም ሪፋምፒሲኑን ኢንዛይሙን ብዙም ወደማያነቃቃው ዘመዱ ሪፋቡቲን የቀየራችሁ አላችሁ? የደም ቆጠራቸው ለጊዜው ደህና ነው፣ ግን እሱ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ የሉኪሚያውን መጠን የሚለካውን የቢሲአር-ኤቢኤል ምርመራ ሦስት ወር ሳንጠብቅ እናሠራ? ሪፋምፒሲኑ ካበቃ በኋላም የኢንዛይሙ መነቃቃት ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ታዲያ ወደ 400 መቼ እንመልሳቸው? ለደም ሐኪማቸው ነገ ስለምንደውል፣ የምታውቁትን ዛሬ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።