ኖርዌይን በሞተርሆም፦ ሦስት ሳምንት ለፊዮርዱና ለተራራው ይበቃል?

ሶስና_ፍራንክፈርት ጠየቀች

ሰላም ወገኖች። በጁላይ ለ3 ሳምንት ኖርዌይን በሞተርሆም ለመዞር አስበናል። ሁለት አዋቂዎችና ሁለት ልጆች (9 እና 6 ዓመት) ነን። የምንከራየው ፊያት ዱካቶ ቫን ላይ የተሠራ፣ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ 7 ሜትር ርዝመት ያለው ነው። ሊብሬው ላይ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 3,500 ኪሎ ይላል። ካርታው ላይ ስናየው ከደቡብ ጫፍ ጀምረን ሰሜን ያሉት የሎፎተን ደሴቶች ደርሰን የምንመለስ ይመስላል።

ሎፎተን ይደረሳል ወይስ ምዕራቡ ላይ እንቅር? በዚህ ርዝመት ጋይራንገርንና ትሮልስቲገንን መውረድ ያሰጋል? ማታ መንገድ ዳር የትም ማደር ይፈቀዳል የሚባለውስ እውነት ነው? ምጣድም ይዘን ለመሄድ አስበን ነበር። ሁለታችንም ከቤት መኪና ሌላ ነድተን አናውቅም።

---

አገር_ዟሪ መለሰ

እህቴ፣ ሎፎተንን ለሌላ ዓመት አቆዩት። ከፍራንክፈርት ዴንማርክ ጫፍ ያለው የሂርትስሃልስ ወደብ 1,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከኦስሎ እስከ ቦደ ደግሞ ሌላ 1,200 አለ፤ ከዚያም ወደ ሞስከነስ የሚያሻግረው ፌሪ ከ3 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሄዳችሁ እስክትመለሱ ልጆቹ የሚያዩት ኢ6 አውራ ጎዳናን ብቻ ይሆናል።

ኖርዌይ ውስጥ ርቀት በኪሎሜትር አይለካም። ከከተማ ውጭ መደበኛው ፍጥነት 80 ቢሆንም ፊዮርድ ዳር ኩርባው፣ ጠባቡ መንገድና የፌሪው ወረፋ ተደምሮ በሰዓት 50 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ነው። በቀን 150 ኪሎሜትር አስቡ፤ 200 ጣሪያው ይሁን።

እኔ የምመርጠው መንገድ ይኸ ነው። ከሂርትስሃልስ በመርከብ ክርስቲያንሳን ትገባላችሁ። ከዚያ በየሬን ጠረፍ በኩል ወደ ስታቫንገር ውጡ፤ ኦረ አካባቢ ያለው ረጅም አሸዋ ለልጆች የመጀመሪያው እፎይታ ነው። ከስታቫንገር የሪፊልከ ዋሻ ከባሕር ወለል በታች እስከ 292 ሜትር ወርዶ ማዶ ያወጣችኋል። ፕሬከስቱለን የሚባለው 604 ሜትር ከፍታ ያለው ገደል እዚያው ነው፤ በእግር ደርሶ መልስ 8 ኪሎሜትር ነው፣ ከልጆች ጋር ግማሽ ቀን ያዙለት። ጫፉ ላይ አጥር እንደሌለ ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ የ6 ዓመት ልጅ እጁ አይለቀቅም።

ከዚያ 13 ቁጥርን ይዛችሁ ወደ ሰሜን፦ የየልመላን ፌሪ፣ ሮልዳል፣ አስፋልቱ ጥግ የሚወርደው የሎተፎስ ፏፏቴ፣ ኦዳ፣ የሃርዳንገር ድልድይ፣ ቮስ፣ አውርላን። ከአውርላን ወደ ላርዳል ሁለት ምርጫ አላችሁ። አየሩ ከጠራ 1,306 ሜትር ድረስ የሚወጣውን «የበረዶ መንገድ» ሂዱ፤ በጁላይም ዳሩ ላይ በረዶ ታገኛላችሁ። ጭጋግ ከሆነ 24.5 ኪሎሜትር ርዝመት ባለው የላርዳል ዋሻ ግቡ። ከአውርላን ሽቅብ ያሉት የመጀመሪያ ኪሎሜትሮች በጣም ጠባብ ስለሆኑ ጠዋት ከ9 ሰዓት በፊት (በአውሮፓ አቆጣጠር) ውጡ፤ የጉብኝት አውቶቡሶች ሳይደርሱ ማለት ነው።

ከዚያ ሶግንዳል፣ የሶግነፊየል መንገድ (1,434 ሜትር)፣ ሎም፣ ጋይራንገር፣ በንስር መንገድ ሽቅብ፣ ከአይድስዳል ወደ ሊንገ በፌሪ፣ ትሮልስቲገን፣ ኦንዳልስነስ፣ መጨረሻ ላይ የአትላንቲክ መንገድ። ትሮልስቲገን በ2024 በጋ በድንጋይ ናዳ ስጋት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ከቫልዳል ከመነሳታችሁ በፊት 175 ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ከተዘጋ በ650 ቁጥር ወደ ሾሆልት ዞራችሁ ኦንዳልስነስ ትገባላችሁ። መመለሻችሁ ዶምቦስ፣ ኦስሎ፣ ከዚያ ወይ በስዊድን በኩል ወይ በኪል መርከብ ይሁን።

---

ታኮና_ማርሽ መለሰ

መንገዱ ላይ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው፤ 3,500 ኪሎ ለአራት ሰው የሚመስለውን ያህል አይደለም።

ሊብሬው ላይ ለጉዞ ዝግጁ የሆነው ክብደት 3,080 ቢል (ይኸ የ75 ኪሎ ሹፌርን ይጨምራል) የሚቀራችሁ 420 ኪሎ ነው። ሁለተኛው አዋቂና ሁለቱ ልጆች 122 ቢሆኑ 298 ይተርፋል። የጎን ድንኳኑ 30፣ አራት ብስክሌት ከነመስቀያው 75፣ ጠረጴዛና ወንበር 25፣ ልብስ፣ ዕቃና ምግብ 120። አሁን የቀረው 48 ኪሎ ብቻ ነው። የውሃ ታንከሩ ደግሞ ለጉዞ ዝግጁ ሲባል 20 ሊትር ብቻ ተይዞለት የተሰላ ሊሆን ይችላል። 100 ሊትር ስትጨምሩበት በ52 ኪሎ አልፋችኋል። ስለዚህ ስትነዱ 20 ወይም 30 ሊትር ብቻ ያዙና ማደሪያው ደርሳችሁ ሙሉት። የቆሸሸውን ውሃ ታንከርም ባዶ አድርጋችሁ ተነሱ። ከፍራንክፈርት ሳትወጡ ዕቃና ሰው ሁሉ ተጭኖ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ውጡ፤ ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን የኋላውን አክስል ለብቻው አስመዝኑ።

የኋላው አክስል ለምን? 75 ኪሎ ብስክሌት ጭራው ላይ ስትሰቅሉ፣ ከኋላ አክስሉ 2 ሜትር ወደ ውጭ ከሆነና በሁለቱ አክስሎች መካከል 4 ሜትር ካለ፣ ኋላ ላይ የሚያርፈው 75 ሳይሆን 112 ኪሎ ያህል ነው። ትርፉ 37 ኪሎ የሚመጣው ከፊት ተነስቶ ነው። ዱካቶ የሚጎትተው በፊት ጎማ ስለሆነ እርጥብ ዳገት ላይ ተነሺ ስትሉት ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። እኔ ብሆን ብስክሌቱን ቤት እተወዋለሁ። ከባድ ዕቃ በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ወለሉ አጠገብ ይቀመጥ።

አሁን ቁልቁለቱ። ጋይራንገር ስትገቡ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስታችሁ ባሕር ድረስ በአንድ ትንፋሽ ትወርዳላችሁ። ትሮልስቲገን 11 ኩርባ አለው፤ ቁልቁለቱ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። መኪናው ያልፋል፤ የሚያጠፋው አነዳዱ ነው። ፍሬን ላይ ያለማቋረጥ እግር ሲያርፍ ዲስኩና ሸራው ይግላሉ፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። እርጥበት የጠጣ ያረጀ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ፍሬን የለም። መድኃኒቱ ሊማሊሞን የሚያወርድ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ከባድ ማርሽ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ አስገቡ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ማንዋል ቀይሩና በ2 ያዙት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩህ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ይዛችሁ አውርዱትና ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። እየነኩ መሄድ ነው የሚያቃጥለው። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉት፣ ለጎማው ታኮ አድርጉለት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ አታፍሱበት፤ ዲስኩ ይጣመማል።

ኩርባው ላይ ደግሞ ጭራውን አስቡ። መሪውን ወደ ግራ ስትጠመዝዙ ጭራው ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ግንብና ሐዲድ የሚገጨው እሱ ነው። ፊቱን ወደ ውጭኛው ጥግ አስጠግታችሁ ዘግይታችሁ ጠምዝዙ። ጠባቡ መንገድ ላይ ሰማያዊ ታርጋ በነጭ «ኤም» ፊደል ካያችሁ መተላለፊያ ነው፤ ለመተላለፊያው የሚቀርበው መኪና ገብቶ ወይም ወደ ኋላ ተመልሶ ያሳልፋል። ከስፖኪዮ እስከ ስፖኪዮ 2 ሜትር ከ70 ገደማ እንደሆናችሁ አትርሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ሰዓት ሪቨርስ ተለማመዱ፤ አንዱ ወርዶ በኋላ በኩል፣ በስፖኪዮው ውስጥ እየታየ ይምራ።

ወደ ሊሰቦትን መንደር የሚወርደው 27 ኩርባ ያለው መንገድ ግን ለጀማሪ አይሆንም። የመጨረሻው ኩርባ ዋሻ ውስጥ ነው።

---

ሶስና_ፍራንክፈርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብስክሌቱ ይቅር። ማደሪያው፣ ጋዙና ምጣዱስ?

---

ማሚቱ_በርገን መለሰች

ስለ ማደር ሰዎች የሚያወሩት የድንኳንና የእግረኛ መብት ነው። ሞተርሆም ከመንገድ ወጥቶ ሜዳና ጫካ ውስጥ መንዳት ክልክል ነው። በሕጋዊ ማቆሚያ ላይ ከልካይ ምልክት ከሌለና ከሰው ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ከራቃችሁ ማደር ይቻላል። ብዙ ጎብኚ የሚበዛባቸው ቦታዎች ግን «ካምፒንግ ፎርቡት» (ማደር ክልክል ነው) የሚል ታርጋ ተክለዋል፤ እሱን አክብሩ። የአገሩ ሰው የተከፋው በዚህ ነው። ሁለት ሌሊት ውጭ፣ ሦስተኛውን ካምፒንግ ማድረግ ይስማማችኋል፤ ምክንያቱም የሽንት ቤቱ ካሴት (ተነቅሎ የሚደፋው ታንከር) 18 ሊትር ገደማ ይይዛልና አራት ሰው በሁለት ቀን ይሞላዋል። የሚደፋው «ተመስታሾን» የሚል ምልክት ባለበት ብቻ ነው፤ ብዙ ማደያዎች ጋ አለ። ካሴት የሚታጠብበትን የውሃ ጎማ (ቱቦ) የመጠጥ ውሃ ታንከር ላይ እንዳትሰኩ፤ ለመጠጡ የራሳችሁን ያዙ።

ጋዝ፦ የጀርመኑን 11 ኪሎ ሲሊንደር ኖርዌይ ውስጥ አይቀይሩላችሁም። ሁለት ሙሉ ፕሮፔን ይዛችሁ ውጡ። በበጋ ለፍሪጅ፣ ለሙቅ ውሃና ለማብሰያ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሚሄድ ለ3 ሳምንት ይበቃችኋል። ፌሪ ላይ ሲሊንደሩን ዝጉ። ፍሪጁ በጋዝ አልቀዘቅዝ ካለ መጀመሪያ መኪናው ዘንበል እንዳላለ እዩ። ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ስለሚዞር ዘንበል ካለ ይቆማል፤ ከጎማው ሥር ታኮ አግቡና ቀጥ አድርጉት። ተራራ ላይ ቀዝቃዛ ሌሊት ካሳለፋችሁ በኋላ ከመኪናው ሥር ውሃ ሲፈስ ብታገኙ የማሞቂያው የውርጭ ቫልቭ ተከፍቶ ነው። 3 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ራሱ ያፈሳል፤ ቦታው እስኪሞቅ መልሶ አይዘጋም። ማሞቂያውን አብሩና ቆዩ።

ምጣዱን ተዉት። ብዙ ካምፒንጎች የሚሰጡት 10 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት 2,300 ዋት ማለት ነው። የአገር ቤቱ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ብሬከሩን ወዲያው ይጥለዋል። ድርቆሽ ያዙ፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ክብደቱንም ታኮና_ማርሽ ቅድም ካሰላው ውስጥ ብዙም አይነካም። ሽሮና በርበሬ ችግር የለውም። ከኢትዮጵያ የመጣ ቅቤና ቋንጣ ግን ድንበር ላይ አይፈቀድም፤ ድንችም ከየትም ቢሆን አይገባም። ቅቤውን እዚያው ጀርመን በተገዛ አንጥሩት።

ቡና መቁላት ለምትወዱ፦ ከሰል መኪናው ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። ውጭም ቢሆን ከአፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥና አጠገቡ እሳት ማንደድ በሕግ ክልክል ነው። ካምፒንጉ ውስጥ በጋዝ ምድጃ፣ በር ላይ ቁሉት።

---

አገር_ዟሪ መለሰ

ወረቀቱን ልጨምር። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ኖርዌይ ሸንገን ስለሆነች ሌላ ቪዛ አያስፈልግም፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ትቆያላችሁ። የልጆቹንም ፓስፖርት ያዙ፣ በዴንማርክ ድንበር ይጠየቃል። የመንገድ ክፍያው ሣጥን የለውም፣ ካሜራ ታርጋ አንስቶ ሂሳቡን ለባለቤቱ ይልካል፤ አከራዩ ይህን ክፍያ እንዴት እንደሚያስተናግድ ጠይቁ። የፌሪ ዋጋ በርዝመት ነው፣ 6 ሜትር ካለፈ ይጨምራል፤ የኦረሱን ድልድይም እንዲሁ።

የመኪና መብራት ቀንም መብራት አለበት። በደም ውስጥ የአልኮል ገደቡ በሺህ 0.2 ነው፤ አንድ ቢራ ጠጥቶ መንዳት የለም። የልጆቹን ወንበር ደግሞ ወደ ፊት የሚያይና ሦስት ነጥብ ቀበቶ ያለው መቀመጫ ላይ ብቻ እሰሩ፤ ጎን ለጎን የሚያየው ሶፋ አይሆንም። መኪናውን ስትረከቡ ይህንን በዓይናችሁ አይታችሁ ፈርሙ፤ ጣሪያውንም ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፣ ብዙ ኢንሹራንስ የጣሪያ ጉዳት አይሸፍንም።